አባቴን የሚወቅስ የልጆች መጽሐፍ ጻፍኩ፤ ላሳትመው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ፣ ከጓሳ ሜዳ ሥር ነው። ማታ ማታ እየጻፍኩ ለልጆች የሚሆን ልብ ወለድ ጨርሻለሁ። ታሪኩ ትርንጎ ስለምትባል የ11 ዓመት ልጅ ነው። አባቷ ጓሳው ማጨድም ማሰማራትም ተከልክሎ በተዘጋበት ወቅት ሌሊት ሣር ያጭዳል። ውሻውንም ሳያስከትብ ይለቀዋል፤ ውሻው ያብድና በሳምንቱ ቀይ ቀበሮዎቹ ያልቃሉ። የሣር ጥበቃ የሆነው ወንድሟ አባቱን ይጠቁማል፣ አባት ይቀጣል፣ ቤቱ ይበተናል። በመጨረሻ ትርንጎ እናቱ የሞተችበትን የቀበሮ ግልገል በሐምሌ ዝናብ አግኝታ ታሳድገዋለች፤ በሱ ምክንያት አባትና ልጅ ይታረቃሉ።

የውሻውና የግልገሉ ነገር ፈጠራ ነው። ሌላው የእኛ ቤት ታሪክ ነው። ታላቅ ወንድሜ አባታችንን ጠቁሞት አባቴ ለቅጣቱ ዳማ በቅሎውን ሸጧል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ ለፋሲካ እንኳ እናቴ ለወንድሜ ለብቻው ነው የምታቀርብለት። ስለ መጽሐፉ ከእህቴ ልጅ ሰምታ “ገመናችንን አደባባይ ልታሰጪው ነው?” ብላ አለቀሰች። ወንድሜ ደግሞ “አሳትሚው፣ ይማርበት” ይለኛል። አባቴ ሰባ አልፎታል፤ ማንበብ አይችልም፤ የሚያውቀውም ነገር የለም።

ሌላም ችግር አለብኝ። ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ጸጥ ብለው ሰሙ። ሰባተኛው ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ስለ ቀይ ቀበሮ ለትርንጎ ማስረዳት ሲጀምር መንሾካሾክ ያዙ። ያን ባወጣው ደግሞ መጽሐፉ ምን ይጠቅማል? ላሳትመው ወይስ ልተወው?

ሁለት ልብ ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

እናት እያለቀሰች፣ ወንድም “አሳትሚ” እያለ፣ በመሀል ረቂቁን ከፍቶ መዝጋት እንዴት እንደሚያደክም ይገባናል። ስለዚህ ዋናውን ነገር እናስቀድም፦ አትተዪው። አሁን ባለበት መልኩ ግን ማተሚያ ቤት አታስገቢው። ይህን የምንልሽ ለይሉኝታ ብለን ብቻ አይደለም። እናትሽን ያስለቀሰው ጉድለትና ተማሪዎችሽን ያሰለቸው ጉድለት ከአንድ ቦታ የመጡ ስለመሰለን ነው።

ደብዳቤሽን እስቲ መልሰሽ አንብቢው። አባትየው ያጭዳል፣ ውሻ ይለቃል፣ ይቀጣል። ለምን እንዳጨደ የሚናገር አንድ ቃል የለም። በረቂቁ ውስጥስ አባት ማንም ሳያቋርጠው ግማሽ ገጽ የሚናገርበት ቦታ አለ? ወንድምየው ሲጠቁም ትርንጎ የት ነበረች? ያን ምዕራፍ ስትጽፊ በሐሳብሽ ታነቢ የነበረው ለማን ነው፣ ለተማሪዎችሽ ወይስ ለወንድምሽ? መልሱን ለእኛ መላክ የለብሽም። ነገር ግን የመጨረሻው መልስ “ለወንድሜ” ከሆነ፣ እናትሽ መጽሐፉን ሳታነበው የፈራችው እሱኑ ሊሆን ይችላል።

ከአባትየው እንነሳ። የጓሳ ሣር ለመንዝ ሰው ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ የክረምት ገሳ ነው፣ ዝናብ ሲቀር የከብት መኖ ነው። የከተማ ልጅ ግን ይህን አያውቅም። ለእሱ “ሣር ማጨድ” ቅጣት የሚያስከትል ነገር ሆኖ አይታየውም፣ አባትየውን ለችግር የዳረገውም ነገር አይገባውም። ሌላም አለ። ጓሳን መዝጋት ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። የመንዝ አባቶች ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሜዳውን ለመቶዎች ዓመታት እየዘጉ ሲከፍቱ ኖረዋል፤ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከብትም ማጭድም ሳይገባበት ይቆይ ነበር። ያ ሥርዓት የፈረሰው በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አባትሽ ሰባ ካለፈው ያኔ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ጎረምሳ ነበር ማለት ነው። ሜዳው በአባቶቹ ቃል ተዘግቶ አይቷል፤ ከዚያም እንዳሻው የሚገባበት ሲሆን አይቷል። በእርጅናው ደግሞ የገዛ ልጁ ቆሞ “ዝግ ነው” ይለዋል።

ይህ ነው ልብ ወለድሽ። ሕግ የማያውቅ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ሕጉን ከልጁ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ታሪክ ነው። ይህንንም በማብራሪያ ሳይሆን በችግር አሳዪው። ክዳኑ ያፈስሳል። በልጉ ቀርቷል። ቆርቆሮ ለመግዛት በግ መሸጥ አለበት፤ በጎቹ ደግሞ ለትርንጎ ደብተርና ዩኒፎርም የታሰቡ ናቸው። አባትየው ሌሊት ማጭዱን ይዞ ሲወጣ አንባቢው ልጅ “አትሂድ” ማለትም “ሂድ” ማለትም ካልቻለ ምዕራፉ ሠርቷል።

ሁለተኛው ሐሳባችን ትንሽ ሊያስደነግጥሽ ይችላል፦ የሚጠቁመው ወንድምየው አይሁን፣ ራሷ ትርንጎ ትሁን። በልጆች ልብ ወለድ ውስጥ ትልቁን ውሳኔ ትልልቆቹ ወስደውት ዋናዋ ልጅ ከበር ሥር የምታለቅስ ከሆነ አንባቢው ከእጅሽ ያመልጣል። ትርንጎ ከገለባው ሥር የተደበቀውን ሣር ታግኘው። ወንድሟ “አይተሻል?” ብሎ ይጠይቃት። ብትዋሽ ወንድሟ ሥራውን ያጣል፣ ብትናገር አባቷ ይቀጣል። ይህ ለውጥ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያደርግልሻል። ትርንጎ ተመልካች መሆኗ ይቀራል። ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ መሆኑ ይቀራል። የእናንተ ቤት ታሪክም የእናንተ ቤት ታሪክ መሆኑ ይቀራል፤ በቤታችሁ እንዲህ ያደረገች ሴት ልጅ የለችማ።

አሁን ወደ ሰባተኛው ምዕራፍ። ባለሙያውን አስወጪው። ጨካኝ ምክር ይመስላል፤ ግን ተማሪዎችሽ አስቀድመው ፈርደዋል። እውቀቱ ከመጽሐፉ አይወጣም፣ ቦታ ይቀይራል እንጂ። የምንጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ስለ ቀበሮው የምትነግሪን እያንዳንዱ ነገር ትርንጎ እንድትሠራው፣ እንድትፈራው ወይም እንድትደብቀው የሚያደርጋት ነገር ካለ ይቆይ፤ ከሌለ ይውጣ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉና ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ እንዳሉ መናገር ከፈለግሽ በመጽሐፉ መጨረሻ አንድ ገጽ መድቢለት። ታሪኩ ውስጥ አታስገቢው።

ለምሳሌ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሀል ገብቶ አይጥ እንደሚያድን ታውቂያለሽ። እዚያው የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በጭላዳዎቹ መሀል ሲሆን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ገደማ ይሳካለታል፣ ለብቻው ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። ባለሙያሽ ይህን ቢናገር ቁጥር ነው። እንዲህ ብትጽፊውስ፦

“ትርንጎ ከድንጋዩ ጀርባ በደረቷ ተኝታለች። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሀል ቀስ እያለ ያልፋል። አንዷ ቀና ብላ አየችውና ሣሯን መንጨት ቀጠለች። ድንገት ቆመ። ሁለቱ ጆሮዎቹ ወደ አንዲት ጉድጓድ ዞሩ፤ የፊት እግሩን አንሥቶ እንደያዘ ቀረ። ያን ጊዜ ከታች የአባቷ ውሻ ጮኸ። ጭላዳዎቹ ተበተኑ። አይጧም ቀበሮውም የሉም። ትርንጎ ዞር ስትል ውሻው ማሰሪያውን በጥሶ ሽቅብ እየመጣ ነው።”

እዚህ ውስጥ አንድም ማብራሪያ የለም። ሆኖም ልጁ ቀበሮው ምን እንደሚበላ፣ በቀን እንደሚያድን፣ ከጭላዳ ጋር እንደሚስማማ፣ ልቅ ውሻም ምን እንደሚያበላሽ አይቷል። የአባትየው ነገርም ገብቷል። ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ በታትኛቸው። ቀይ ቀበሮዎች ሲነጋ ተሰብስበው ድንበራቸውን እየዞሩ ምልክት ያደርጋሉ፣ ከዚያ ለአደን አንድ በአንድ ይለያያሉ። መንጋው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት አውራ ሴት ናት፤ ግልገሎቹን ግን ሌሎቹም ይመግባሉ፣ ከሆዳቸው እያወጡ ይሰጧቸዋል። ትርንጎ ይህን ትየው። “ምነው እኛም እንደ ቀበሮዎቹ በተባበርን” ግን እንዳትል! ልጆች ሲመከሩ ከሩቅ ይሸታቸዋል።

ጥቂት የሚታረሙ ነገሮች አሉ። ቀይ ቀበሮ የሚወልደው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ግልገሎቹ ከጉድጓድ ብቅ የሚሉት ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ነው። በሐምሌ ዝናብ ገና ጡት ያልጣለ ግልገል አይገኝም። ታሪኩን ወደ ብርዱና ወደ ውርጩ ወቅት አምጪው፤ ያኔ ገብሱም የሚታጨድበት ጊዜ ስለሆነ ለቤተሰቡ ሩጫም ይመችሻል። ቀበሮው በግ ጨረሰ የሚል ነገር በረቂቁ ውስጥ ካለም በጥንቃቄ ያዢው። ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ግልገል በግ ጨርሶ አይነካም ባይባልም፣ እረኞች በእሱ የሚያመካኙት ጉዳት ብዙ ጊዜ የተራው ቀበሮ ነው። ይህ ክርክር ራሱ ለጎረቤት ገጸ ባሕርያት ጥሩ ጭቅጭቅ ይሆናል።

የእብድ ውሻ በሽታው የጊዜ አቆጣጠርም መስተካከል አለበት። የተነከሰ ውሻ በማግስቱ አያብድም። ምልክቱ እስኪታይ ከሁለት ሳምንት እስከ ጥቂት ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ከታየ በኋላ ግን ውሻው አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ቀን ውስጥ ይሞታል። ቀበሮዎቹም እንዲሁ፤ አንዱ ሌላውን እየነከሰ በሳምንታትና በወራት ይዛመታል እንጂ በሳምንት አያልቁም። በ1996 ዓ.ም. ባሌ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ወረርሽኙ ሲገባ ከአካባቢው ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ገደማ የሞቱት በወራት ውስጥ ነው። ይህ ዝግታ ለጸሐፊ ሀብት ነው፦ ትርንጎ ውሻው በማይታወቅ እንስሳ መነከሱን አይታ ዝም ካለች፣ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቀን ጭንቀት ነው። በተጨማሪም ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ውሻና በአንድ አባት ላይ አትከምሪው። በሽታው የሚገባው በብዙ ያልተከተቡ ውሾች ነው። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል፤ መንደሩ ሁሉ ቀኑን ሲያሳልፍ የአባትየው ውሻ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ይሁን።

በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር እንለምንሻለን። መጽሐፉን የሚያነቡት የገጠር ልጆችም ናቸው። በታሪኩ ውስጥ ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አሳጥቢውና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሺው፤ የሞተ ቀበሮም በባዶ እጅ አታስነኪ።

የግልገሉን ማሳደግም ለዚህ ነው የማንወደው። ቆንጆ መጨረሻ እንደሆነ አይካድም። ግን ወረርሽኝ ባለበት ሜዳ የዱር ግልገል ታቅፋ የምትገባ ልጅ ለአንባቢው አደገኛ አርአያ ናት፤ ቀይ ቀበሮም ለማዳ የሚሆን እንስሳ አይደለም። ማዳን የግድ ካስፈለገሽ እውነተኛ መነሻ አለልሽ። በ2012 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ውስጥ እግሩን በጥይት የተመታ ቀይ ቀበሮ ተገኝቶ፣ በባለሙያዎች ታክሞ፣ ወደ መንጋው ሜዳ ተመልሷል፤ ስሙንም ተረፈ ብለውታል። የትርንጎ ድርሻ ያየችውን ቶሎ መናገር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ “መናገር” በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ አባቷን የሚጎዳ፣ አንዴ ሌላ ነፍስ የሚያድን። ከግልገሉ ይልቅ ይህ ይሻላል ባዮች ነን።

አባትና ወንድም መታረቅ አለባቸው ወይ? በመጽሐፉም በቤታችሁም መልሳችን አንድ ነው፦ አትቸኩዪ። ልጆች ተስፋ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ወላጆቹ የማይነጋገሩበት ቤት ውስጥ የሚያድግ ተማሪ ከፊትሽ ተቀምጧል፤ በአንድ ምዕራፍ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አያምንሽም። አባትየው ምንም ሳይናገር ውሻውን ለክትባት ይዞ ቢሰለፍ፣ ወረፋውን የሚያስከብረውም ልጁ ቢሆን በቂ ነው።

ወደ ቤትሽ እንምጣ። መጀመሪያ እናትሽን አናግሪ፣ ረቂቁን ግን አታንብቢላት። የሚያስፈራትን ነገር ለይተሽ ጠይቂያት። ስማችን ይወጣል ብላ ነው? ጎረቤት ይስቅብናል ብላ? ወይስ ገና ያልደረቀው የሁለቱ ጸብ እንደገና ይነሣል ብላ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአጻጻፍ ይፈታሉ። ሦስተኛው አይፈታም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስም መቀየር ብቻውን አይሸሽግም። የአካባቢው ሰው የሚያውቃችሁ በስም አይደለም፣ በበቅሎው ነው። ዳማ በቅሎ ለቅጣት የተሸጠበት ቤት አንድ ብቻ ነው። እንደ ጸሐፊ እሱን ማጣት ያማል፣ እናውቃለን፤ ከነገርሽን ሁሉ ብርቱው እሱ ነው። ግን ይውጣ። በምትኩ እናትየው ለዓመት ፈትላ ያሠራችው ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ይሸጥ፤ የመንዝ በግ ጠጉር፣ የእናት ጣት፣ የብርድ ሌሊት አብሮ ይመጣልሻል። የልጆቹን ቁጥር፣ የወንድምየውን ዕድሜ፣ ቤቱ የቆመበትን ቦታም ለውጪ።

ከዚያ አባትሽ። ማንበብ የማይችል ሰው ስለ ራሱ የተጻፈን ነገር ከሰው አፍ መስማቱ ከምንም በላይ ያዋርዳል፤ ስለዚህ ከአንቺ ይስማ። ወንድምሽ በሌለበት ቀን፣ ከቡና በኋላ፣ ሣር ስለሚያጭድ አባት ታሪክ እየጻፍሽ እንደሆነ ንገሪው። አስቀድሞ ግን ጠይቂው፦ ጓሳው በድሮ ጊዜ እንዴት ይዘጋ ነበር? ሲከፈት ማን ቀድሞ ይገባል? ያጠፋ ሰው ምን ይደረግ ነበር? ዝም ብለሽ ጻፊ። ያጣሽውን የአባት ድምፅ የምታገኚው እዚያ ነው። በሌላ ቀን ሁለት ምዕራፍ አንብቢለት፤ በጥቆማው አትጀምሪ፣ በክዳኑና በማጭዱ ጀምሪ። “ይብቃ” ካለ አቁሚ። “እንዲህ አልነበረም” ካለ ግን ደስ ይበልሽ፣ እየሠራ ነው ማለት ነው። ጥቆማው ያለበትን ምዕራፍ ከማንበብሽ በፊት ምን እንደሚመጣ ንገሪውና ምርጫውን ለእሱ ተዪለት።

ሁሉንም ሰምቶ “አይታተም” ቢልስ? እኛ እስከ ቀጣዩ ዓመት ብታቆዪው እንመርጣለን። ያን ጊዜ ቦታውንም ሣሩንም ቀይረሽ፣ ሌላ መንደር ወስደሽ፣ እንደገና ልትጽፊው ትችያለሽ፤ የተማርሽው አይጠፋም። ወንድምሽን በተመለከተ “ይማርበት” የሚለውን ሐሳብ በእርጋታ መልሺለት። መጽሐፉ የእሱን ጉዳይ የሚፈርድለት ዳኛ እንዳልሆነ አሁን ቢሰማ ይሻላል፤ አዲሱን ረቂቅ ሲያነብ ጠቋሚዋ ትርንጎ መሆኗን ሲያይ ምን እንደሚሰማው እኛም ለማወቅ ጓጉተናል።

ስትከልሺ ርዝመቱንም እዪው። ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ልጅ ከ15 እስከ 20 ሺህ ቃል ይበቃል፤ አንድ ምዕራፍ ከ1,000 እስከ 1,200 ቃል ሲሆን ጮክ ብሎ ለማንበብ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። የአሁኖቹ ተማሪዎችሽ ታሪኩን ስለሚያውቁት ለሌላ ክፍል አንብቢ፤ የሚቻል ከሆነም ሌላ መምህር ያንብብልሽ፣ አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ልጆቹ መንቀሳቀስ የጀመሩበትን መስመር ብቻ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። “ወደዳችሁት?” ብለሽ አትጠይቂ፣ መምህራቸው ስለሆንሽ “አዎ” ይሉሻል። “ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?” በያቸው። ከማተሚያ ቤትና ከመጽሐፍ መለያ (አይኤስቢኤን) ቁጥር በፊት ረቂቁን አንድ የእንስሳት ሐኪምና አንድ የቄሮውን ዘመን የሚያስታውስ የመንዝ ሽማግሌ ይዩልሽ። ሽማግሌው እቤትሽ ያለው ከሆነ ደግሞ መንገዱ አጠረልሽ።